ከእርግዝናው በፊት ስኳሩ የት ነበር?

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1823 አንዲት የ22 ዓመት ነፍሰ ጡር በርሊን ከተማ ወደሚገኝ ሆስፒታል ገባች። እርግዝናዋ አምስተኛዋ ነበር። ውኃ ጠጥታ አትረካም፤ የጠጣችውን ያህል ትሸናለች፤ ጉልበቷ ከድቷታል። ሽንቷ ሲመረመር ስኳር ተገኘበት። ምጧ መጥቶ ስትገላገል የሕፃኑ ክብደት 12 ፓውንድ፣ ማለትም ከ5 ኪሎ በላይ ሆነ። ሕፃኑ ግን በምጥ መካከል ሞቶ ነበር። እናቲቱ ተረፈች። ከወለደች በኋላ ጥሟም ጠፋ፣ በሽንቷ ውስጥ የነበረው ስኳርም ጠፋ።

ይህን ታሪክ የመዘገበው ሄንሪክ ቤነቪትዝ የተባለ ወጣት ሐኪም ነው። በ1824 በላቲን ቋንቋ ባቀረበው የመመረቂያ ጽሑፉ የስኳር በሽታው ከእርግዝናው ጋር መጥቶ ከእርግዝናው ጋር ስለሄደ በሽታው የእርግዝናው ምልክት ነው ብሎ ደመደመ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በሕክምና ታሪክ ውስጥ ስለ እርግዝና ስኳር የተጻፈ የመጀመሪያው ዝርዝር ዘገባ ተብሎ የሚጠቀሰውም ይኸው ነው።

ቤነቪትዝ ያየውን በትክክል ጽፏል። ያላየው ነገር ግን አለ። ያቺ ሴት ከማርገዟ በፊት ደሟ ውስጥ ስንት ስኳር ነበር? በዚያ ዘመን ይህን የሚለካ መሣሪያ ስላልነበረ ጥያቄውን የሚያነሳም አልነበረም። የሚገርመው መሣሪያው ከተገኘ በኋላም ጥያቄው በቅጡ እስኪነሳ ረጅም ጊዜ መውሰዱ ነው። በብዙ አገር ደግሞ ዛሬም ቢሆን በተግባር አልተነሳም።

፩. ጣፋጩ ሽንት

የስኳር በሽታ መታወቅ የጀመረው በሽንት ነው። የጥንት ህንድ ሐኪሞች በአንዳንድ ሕመምተኞች ሽንት ላይ ጉንዳን እንደሚሰበሰብ ልብ ብለው በሽታውን በማር ስም ጠርተውታል። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊው ቶማስ ዊሊስ የሕመምተኛ ሽንት እንደ ማር እንደሚጣፍጥ ጻፈ። በ1776 ደግሞ ሌላው እንግሊዛዊ ማቲው ዶብሰን ጣዕሙን የሚሰጠው በእርግጥ ስኳር መሆኑን አሳየ።

ነፍሰ ጡሮችን በተመለከተ ግን እውቀቱ ያደገው በጣም በዝግታ ነው። ምክንያቱም አሳዛኝ ነው፤ ከኢንሱሊን በፊት በነበረው ዘመን ከባድ ስኳር ያለባት ሴት ብዙ ጊዜ አታረግዝም፣ ካረገዘችም እሷ ወይም ልጇ ወይም ሁለቱም ይሞታሉ። በ1882 ማቲውስ ደንከን የተባለው ሐኪም ለለንደን የማህፀን ሐኪሞች ማኅበር ባቀረበው ጥናት ከዚህም ከዚያም አሰባስቦ ሊዘግብ የቻለው 22 እርግዝናዎችን ብቻ ነበር። ከእናቶቹም ከሕፃናቱም ብዙዎቹ ሞተዋል።

ደንከን ግን አንድ ቁም ነገር አስቀመጠ። ስኳር በእርግዝና ጊዜ ብቻ ታይቶ በሌላ ጊዜ ሊጠፋ ይችላል አለ፤ ቀድሞም ኖሮ እርግዝና ሊደርስበት እንደሚችል፣ ከወሊድ በኋላ ቆይቶ ሊመጣ እንደሚችልም ዘረዘረ። ሦስቱን መንገዶች በአንድ ገጽ ላይ ቢያስቀምጣቸውም አንድ መንገድ ሊሆኑ እንደሚችሉ ለማየት ጊዜው ገና ነበር።

በ1909 አሜሪካዊው የማህፀን ሐኪም ዊትሪጅ ዊሊያምስ በነፍሰ ጡሮች ሽንት ውስጥ የሚታይ ስኳር ሁሉ አንድ እንዳልሆነ አስጠነቀቀ። አንዳንዱ ጡት ወተት ሲያዘጋጅ የሚመጣ የወተት ስኳር ነው፤ ጉዳትም የለውም። ትክክለኛ ማስጠንቀቂያ ነበር። ሽንት ደካማ ምስክር መሆኑ ታወቀ። መልሱ ያለው ደም ውስጥ ነው።

፪. ኢንሱሊን መጣ፣ ሴቶቹም ማርገዝ ጀመሩ

በጃንዋሪ 1922 ቶሮንቶ ውስጥ በስኳር በሽታ ሊሞት የተቃረበ የ14 ዓመት ልጅ ኢንሱሊን ተወጋና ነፍሱ ተመለሰች። የባንቲንግ፣ የቤስት፣ የኮሊፕና የማክላውድ ሥራ የብዙዎችን የሞት ፍርድ ሻረ። ከዚያ በኋላ ሐኪሞች ከዚያ በፊት እምብዛም ያላጋጠማቸው ሁኔታ ተደቀነባቸው። ስኳር ያለባቸው ልጃገረዶች አደጉ፣ አገቡ፣ አረገዙ።

እነዚህን ሴቶች ከማንም በላይ የተከታተለችው ቦስተን በሚገኘው የጆስሊን ክሊኒክ የሠራችው ዶክተር ፕሪሲላ ዋይት ናት። ሥራ ስትጀምር በ1924 ስኳር ካለባቸው እናቶች ከሚፀነሱት ልጆች በሕይወት የሚተርፉት ከግማሽ ብዙም አይበልጡም ነበር። ከ50 ዓመት በኋላ ጡረታ ስትወጣ የሚተርፉት ከ90 በመቶ በላይ ሆነዋል። በ1949 ያወጣችው የአደጋ ደረጃ ምደባ የተመሠረተው በአንድ ቀላል ሐሳብ ላይ ነው፤ የእናቲቱና የልጇ ዕጣ የሚወሰነው በሽታው ከእርግዝናው በፊት ስንት ዓመት እንደቆየና በሰውነቷ ላይ ምን እንዳደረሰ ታይቶ ነው። ይህ "ከእርግዝና በፊት" የሚለውን ጥያቄ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ መዝገብ ያስገባ እርምጃ ነበር። የሚመለከተው ግን በሽታቸው አስቀድሞ የታወቀላቸውን ሴቶች ብቻ ነው።

ያልታወቀላቸውስ?

፫. ወደ ኋላ የተነበበ መዝገብ

በ1940ዎቹ አሜሪካዊው የሕፃናት ሐኪም ኸርበርት ሚለር ያልተለመደ ነገር አደረገ። ዛሬ ስኳር የያዛቸውን ሴቶች የድሮ የወሊድ መዝገብ ወደ ኋላ ሄዶ አገላበጠ። ሴቶቹ ከመታመማቸው ዓመታት በፊት፣ ጤነኛ ነን ብለው በሚያስቡበት ጊዜ፣ የወለዷቸው ልጆች ከመጠን በላይ ትልልቅ እንደነበሩና ሞተው የሚወለዱትም ከሌሎች እናቶች ልጆች በላይ እንደበዙ አገኘ። በሽታው ለሐኪም ከመታየቱ በፊት ለፅንሱ ታይቶት ነበር ማለት ነው።

ቤልጅየማዊው ጆሴፍ ሁት ይህንኑ ክር ይዞ በ1954 ባሳተመው ጽሑፍ በእርግዝና ጊዜ ብቻ ስኳራቸው ከፍ የሚል ሴቶች ሊታከሙ እንደሚገባ ተከራከረ። በኮፐንሃገን ዮርገን ፒደርሰን ደግሞ ለምን ሕፃናቱ እንደሚገዝፉ በቀላሉ አስረዳ፤ የእናት ስኳር በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ፅንሱ ያልፋል፣ የእናት ኢንሱሊን ግን አያልፍም። ስለዚህ የፅንሱ ቆሽት ራሱ ብዙ ኢንሱሊን ያመርታል። ኢንሱሊን ደግሞ ያሳድጋል፣ ያወፍራልም። ሕፃኑ ሲወለድ የእናቱ ስኳር በድንገት ይቋረጣል፤ የራሱ ኢንሱሊን ግን ገና ብዙ ስለሆነ ስኳሩ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። የ1823ቱ የበርሊን ሕፃን 12 ፓውንድ የመመዘኑ ምስጢር በዚህ ተፈታ።

"የእርግዝና ስኳር" የሚለው ስያሜ በሕክምና ጽሑፍ መለመድ የጀመረውም ያኔ ነው፤ አሜሪካዊቷ ሐኪም ኤልሲ ካሪንግተን በ1957 ተጠቅማበታለች። ስም ያገኘው በሽታ የሚቀረው መስፈርት ነበር። ስንት ሲሆን ነው ስኳር ሆነ የሚባለው?

፬. ለእናት የተሰፋ ልብስ ለልጅ ሲለበስ

መልሱ የመጣው ከቦስተን ነው። ጆን ኦሱሊቫን የተባለው ሐኪም ለ752 ነፍሰ ጡሮች 100 ግራም ግሉኮስ አጠጥቶ በባዶ ሆድ፣ ከ1፣ ከ2 እና ከ3 ሰዓት በኋላ የደማቸውን ስኳር ለካ። ከስታቲስቲክስ ባለሙያዋ ክሌር ማሃን ጋር በመሆን የመቁረጫ ቁጥሮቹን በ1964 አሳተሙ። ከአራቱ ልኬቶች ሁለቱ ከመስመሩ ካለፉ ሴትየዋ የእርግዝና ስኳር አለባት ተባለ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። እነዚያ ቁጥሮች የተመረጡት የሕፃኑን አደጋ ለመለየት አልነበረም። የተመረጡት እናቲቱ ከዓመታት በኋላ ስኳር ይይዛት እንደሆነ ለመተንበይ ነው። ኦሱሊቫን እርግዝናን እንደ መስኮት ተጠቀመበት፤ በመስኮቱ ያየው የሴቲቱን የወደፊት ሕይወት ነው። ዓለም ግን ቁጥሮቹን ተቀብሎ፣ ከአንዱ የላቦራቶሪ ዘዴ ወደ ሌላው እያሸጋገረ፣ ለአሥርት ዓመታት ሕፃናትን ለመጠበቅ ተጠቀመባቸው።

ከሥራው ውስጥ ግን አንድ ጥልቅ እውነት ይወጣል። እርግዝና የወደፊቱን የሚያሳይ ከሆነ የሚያሳየው ነገር አስቀድሞ በሰውነት ውስጥ አለ ማለት ነው። አለበለዚያ ዘጠኝ ወር ብቻ የቆየ ነገር ከ10 እና ከ20 ዓመት በኋላ የሚሆነውን እንዴት ሊናገር ይችላል?

አሠራሩን ለመረዳት ወደ እንጦጦ የሚወጣ መኪና ማሰብ ይበቃል። ሞተሩ ትንሽ የደከመ መኪና በሜዳ ላይ ችግሩ አይታወቅበትም። ዳገቱ ላይ ሲደርስ ግን ያለከልካል፣ ይግላል፣ አንዳንዴም ይቆማል። ዳገቱ ሞተሩን አላበላሸውም፤ አጋለጠው እንጂ። በእርግዝና አጋማሽ ከእንግዴ ልጅ የሚመነጩት ሆርሞኖች የእናት ሰውነት ለኢንሱሊን እንዳይታዘዝ ያደርጋሉ። ይህ የተፈጥሮ ብልሃት ነው፤ ለፅንሱ ምግብ እንዲተርፍ ነው። ጤነኛ ቆሽት ከወትሮው እጥፍና ከዚያም በላይ ኢንሱሊን እያመረተ ዳገቱን ይወጣዋል። አቅሙ አስቀድሞ የሳሳ ቆሽት ግን ይሸነፋል። ከወሊድ በኋላ መንገዱ ሜዳ ሲሆን ስኳሩ ይወርዳል፣ ሁሉም ሰው እፎይ ይላል። ሞተሩን ግን ማንም አላየውም።

፭. "መጀመሪያ የታወቀበት"

በ1979 ቺካጎ ላይ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ለእርግዝና ስኳር ዓለም አቀፍ ትርጉም አወጡ። በእርግዝና ጊዜ የጀመረ "ወይም መጀመሪያ የታወቀ" የስኳር መዛባት አሉት። ያቺ "ወይም" የተባለች ቃል ብዙ ሸክም ተሸከመች። ከ5 ዓመት በፊት ስኳር ጀምሯት ማንም ያልነገራት ሴትና በ7ኛው ወር ስኳሯ ትንሽ ከፍ ያለባት ሴት በአንድ ስም ተጠሩ። ሕክምናው ከፅንስ በፊት የሆነውን ነገር ስለማያውቅ፣ አለማወቁን ትርጉም አድርጎ ጻፈው።

ይህ የተስተካከለው ከ30 ዓመት በኋላ ነው። በ2008 በ9 አገሮች፣ በ15 ማዕከላት፣ ከ23 ሺህ በላይ ነፍሰ ጡሮች የተሳተፉበት ሃፖ የተባለው ታላቅ ጥናት ታተመ። ውጤቱ ግልጽ ነበር። የእናት ስኳር ከፍ ባለ ቁጥር የሕፃኑ አደጋ አብሮ ይጨምራል። በባዶ ሆድ ስኳራቸው ዝቅተኛ በሆነው ምድብ ውስጥ ከነበሩት እናቶች ከመጠን በላይ ትልቅ ሕፃን የወለዱት 5 በመቶ ገደማ ሲሆኑ በከፍተኛው ምድብ ግን 26 በመቶ ደረሱ። በመካከል "እስከዚህ ድረስ ሰላም ነው፣ ከዚህ በኋላ አደጋ ነው" የሚያሰኝ ድንበር አልተገኘም። እንደ ደረጃ ሳይሆን እንደ ተዳፋት ነው።

ከዚህ ተነሥቶ በ2010 ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ቡድን፣ በ2013 ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት አዲስ መስፈርት አወጡ። 75 ግራም ግሉኮስ ተጠጥቶ በባዶ ሆድ 92፣ ከ1 ሰዓት በኋላ 180፣ ከ2 ሰዓት በኋላ 153 ሚሊግራም በዴሲሊትር፤ ከሦስቱ አንዱ ከተደረሰ የእርግዝና ስኳር ይባላል። በባዶ ሆድ 126 እና ከዚያ በላይ የሆነባት ግን የእርግዝና ስኳር አይባልላትም፤ በእርግዝና ውስጥ የተገኘ ሙሉ የስኳር በሽታ ነው ያለባት። በሌላ አነጋገር ብዙውን ጊዜ አስቀድሞም የነበረ ነው።

፮. ከበሩ በፊት ያለው መንገድ

አስቀድሞ የነበረው ነገር ምን ያህል ዋጋ እንዳለው በመጀመሪያ ያሳዩት ስኳራቸው የታወቀ ሴቶች ናቸው። በ1964 ዴንማርክ ውስጥ ከ850 በላይ ስኳር ካለባቸው እናቶች የተወለዱ ሕፃናት ሲመረመሩ የአፈጣጠር ጉድለት የታየባቸው ከሌሎቹ በሦስት እጥፍ ገደማ በልጠው ተገኙ። የልብና የአከርካሪ መሠረት የሚጣለው በመጀመሪያዎቹ 8 ሳምንታት ነው። ብዙ ሴት በዚያን ጊዜ ማርገዟን እንኳ በቅጡ አታውቅም። ለክትትል ስትመጣ ልብ ተሠርቶ አልቋል።

በምሥራቅ ጀርመን ካርልስቡርግ በምትባል ስፍራ የነበሩ ሐኪሞች ነገሩን ገልብጠው ሞከሩት። ሴቶቹን ከማርገዛቸው በፊት ጠርተው ስኳራቸውን አስተካከሉ። በ1983 ውጤቱን አሳተሙ። ስኳራቸው አስቀድሞ ከተስተካከለላቸው 128 እናቶች ልጆች የአፈጣጠር ጉድለት የታየበት አንድ ብቻ ነው። ከ8ኛው ሳምንት በኋላ ከመጡት 292 ግን 22። አንዱ 0.8 በመቶ፣ ሌላው 7.5 በመቶ ማለት ነው። ልዩነቱን ያመጣው የመምጫ ጊዜው ነው። በ1989 በጣሊያን ሳንት ቪንሰንት የተሰበሰቡ የአውሮፓ መንግሥታት ተወካዮችና የስኳር ሕሙማን ማኅበራት ስኳር ያለባት እናት ውጤት ከሌላት እናት ውጤት ጋር እንዲቀራረብ ግብ ሲያስቀምጡ እንዲህ ያለ ማስረጃ በእጃቸው ነበር።

ስኳር የሌለባቸው፣ ነገር ግን በድንበሩ አቅራቢያ ያሉትስ? አሜሪካዊው ፓትሪክ ካታላኖ በ1990ዎቹ ከባዱን ሥራ ሠራ። ሴቶችን ከማርገዛቸው በፊት ለካ፣ ካረገዙም በኋላ ደጋግሞ ለካ። የእርግዝና ስኳር የያዛቸው ሴቶች ሰውነት ለኢንሱሊን የነበረው ታዛዥነት ከእርግዝናቸው በፊትም የቀነሰ እንደነበር አገኘ። ከ1985 ጀምሮ በአራት የአሜሪካ ከተሞች ከ5 ሺህ በላይ ወጣቶችን የተከታተለው ካርዲያ የተባለው ጥናትም በ2010 ይህንኑ አጠናከረ። በባዶ ሆድ ስኳራቸው ወይም ኢንሱሊናቸው ከፍ ያለ፣ ጠቃሚው የደም ስብ ያነሳቸው ወጣት ሴቶች ከዓመታት በኋላ ሲያረግዙ የእርግዝና ስኳር ይበልጥ አገኛቸው። ቻይና ደግሞ ከ2010 ጀምሮ ልጅ ለመውለድ ለሚያቅዱ ጥንዶች ነፃ ምርመራ መስጠት ጀመረች፤ ከዚያ መዝገብ በ2019 የታተመው ጥናት ከ6 ሚሊዮን በላይ ሴቶችን ይዞ ከፅንስ በፊት የነበረ ከፍ ያለ ስኳር ከችግር ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል።

ሌላም ማስረጃ አለ፤ ይህኛው የሚያስተምረው በመክሸፉ ነው። በእንግሊዝ ከ1,500 በላይ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ያለባቸው ነፍሰ ጡሮች በምግብና በእንቅስቃሴ ምክር ታገዙ። በ2015 ውጤቱ ሲታተም ምክሩ የእርግዝና ስኳርን አልቀነሰም። ሴቶቹ ሰንፈው አልነበረም። ዳገቱ ላይ የቆመ መኪና ሞተሩ እዚያው ላይ አይታደስም። "ሳይቃጠል በቅጠል" የሚለው የአበው ምክር ለዚህ የተነገረ ይመስላል።

፯. እዚህስ?

ኢትዮጵያ ውስጥ ነገሩ "የሀብታም በሽታ" ተብሎ ብዙ ጊዜ ይታለፋል። መዝገቡ ግን ሌላ ይላል። በ1999 የታተመ ጥናት በትግራይ ገጠር የሚኖሩ ነፍሰ ጡሮችን መርምሮ 3.7 በመቶዎቹ የእርግዝና ስኳር እንዳለባቸው አገኘ። እነዚህ የገበሬ ሚስቶች ናቸው፤ ውኃና እንጨት ተሸክመው የሚሄዱ። በ2019 በጎንደር ከተማ ጤና ተቋማት ከ1,000 በላይ ነፍሰ ጡሮችን ያካተተ ጥናት ደግሞ 12.8 በመቶ አገኘ። ሁለቱን ቁጥሮች እንደ ሩጫ ውጤት ማወዳደር አይገባም፤ ቦታውም መስፈርቱም የተለያየ ነው። ሁለቱም አንድ ላይ የሚሉት ግን ጉዳዩ እዚህ አለ ነው።

ከአገር የወጡትም ታሪክ አላቸው። በ1980ዎቹ ወደ እስራኤል የገቡ ወጣት ቤተ እስራኤላውያንን የመረመሩ ሐኪሞች በ1988 ባሳተሙት ጥናት የስኳር በሽታ ከጠበቁት በላይ በዝቶ አገኙት። ሰዎቹ ቀጫጭን ነበሩ፤ አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ። የኑሮና የምግብ ድንገተኛ ለውጥ ምን እንደሚያደርግ ይህ ለአዲስ አበባም፣ ለዋሽንግተንም፣ ለሪያድም ትምህርት ነው። ቀጭን መሆን ብቻውን ዋስትና አይደለም።

ታዲያ ምን ይደረግ ሲባል ሁለት መቃወሚያዎች ይነሳሉ። ሁለቱም ሊደመጡ ይገባል።

የመጀመሪያው "በሴቶች ላይ ሌላ ሸክም ነው" የሚል ነው። እውነት አለበት። ልጅ ሲታመም እናትን መውቀስ የቆየ ልማድ ነው፤ ከማርገዟ በፊትም መውቀስ ከተጀመረ ግፍ ይሆናል። ነገር ግን የዚህ ታሪክ ተወቃሽ ሴቷ አይደለችም። ለ200 ዓመት ያልጠየቀው ሕክምናው ነው። ደግሞም የቤተሰብ ምግብ፣ የቤተሰብ ድካምና የቤተሰብ ገንዘብ የሁለት ሰው ጉዳይ ነው። ባል ለስላሳ መጠጥና ስኳር የበዛበት ሻይ እያስለመደ ሚስት ብቻዋን ጤናማ ልትሆን አትችልም።

ሁለተኛው "ለነፍሰ ጡር የሚሆን መመርመሪያ ባልተሟላበት አገር ላላረገዘች ሴት ምርመራ ማለት ቅንጦት ነው" የሚል ነው። ይህም እውነት አለበት። የስኳር መለኪያ ወረቀት የሚያልቅበት ጤና ጣቢያ ብዙ ነው። ሁሉንም ሴት በአንድ ቀን እንመርምር የሚል ሰው አገሩን አያውቅም። ይሁንና አዲስ ቤት መሥራት ሳያስፈልግ ክፍት የሆኑ በሮች አሉ።

አንዱ በር ሠርግ ነው። በብዙ ቦታ ቤተ ክርስቲያናት ለሚጋቡ ጥንዶች የኤችአይቪ ምርመራ ወረቀት ይጠይቃሉ። ልማዱን ሕዝቡ ተቀብሎታል፤ የሚያፍርበትም እየቀነሰ ነው። በዚያው ቀን፣ በዚያው ጣት፣ አንዲት ጠብታ ደም ለስኳር ብትጨመር የሚበዛ ነገር የለም። ሙሽራውም ይመርመር፤ ነገሩ የሴት ብቻ እንዳይመስል።

ሁለተኛው በር የቤተሰብ ምጣኔ አገልግሎት ነው። የወሊድ መቆጣጠሪያዋን ልታወጣ ወይም ልታቆም የመጣች ሴት ልጅ ልትፀንስ እያሰበች ነው። ከዚያ የተሻለ የመጠየቂያ ጊዜ የለም። ወላጆችሽ ወይም እህት ወንድሞችሽ ስኳር አለባቸው? ከዚህ በፊት 4 ኪሎና ከዚያ በላይ የሚመዝን ልጅ ወልደሻል? ሞቶ የተወለደ ልጅ ነበርሽ? እነዚህን ለመጠየቅ ወረቀትም ማሽንም አያስፈልግም። አዎ ያለችው ብቻ ትመርመር።

ሦስተኛው በር የአራስ ቤት ነው፤ ምናልባትም ከሁሉ የሚበልጠው። በእርግዝናዋ ስኳር ታይቶባት የወለደች ሴት ከወለደች ከ4 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ዳግም መመርመር እንዳለባት መመሪያዎች ይላሉ። እንዲህ ያለች ሴት በኋላ ዘመኗ ስኳር የመያዝ ዕድሏ ካልያዛት ሴት ቢያንስ በ7 እጥፍ እንደሚበልጥ በ2009 የታተመ የብዙ ጥናቶች ድምር አሳይቷል። ግን ያኔ ቤቱ በደስታ ተሞልቷል፣ ገንፎው ይገነፋል፣ አጥሚቱ በማር ይቀርባል፣ ጎረቤት ይገባል ይወጣል። "ስኳሩ ከወሊዱ ጋር ሄደ" ተብሎ ነገሩ ይረሳል። ቤነቪትዝም ያለው ይህንኑ ነበር። ሕፃኑ ለክትባት በ6ኛው ሳምንት ጤና ጣቢያ ሲመጣ ግን እናቱ አብራ ትመጣለች። ሁለቱም በአንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚመረመረው አንዱ ብቻ መሆኑ ነው ችግሩ። የዚህች ሴት የዛሬው "ከወሊድ በኋላ" ለሚቀጥለው ልጅ "ከፅንስ በፊት" ነው።

አጋንኖ መናገርም አያስፈልግም። ከፅንስ በፊት ስኳሯ ትክክል የሆነች ሴት የእርግዝና ስኳር ሊያገኛት ይችላል፤ ከፍ ያለባትም ላያገኛት ይችላል። ስለዚህ ከፅንስ በፊት መመርመር በ24ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት የሚደረገውን ምርመራ አይተካም። ብዙዎቹ ስኳር የተገኘባቸው ነፍሰ ጡሮችም በምግብ ማስተካከያና በእንቅስቃሴ ብቻ፣ ጥቂቶቹ በመድኃኒት ታግዘው፣ ጤነኛ ልጅ ታቅፈው ይወጣሉ። በ2005 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት 1,000 ሴቶችን ይዞ ሕክምና ሲደረግ በሕፃናት ላይ የሚደርሰው ከባድ ጉዳት ከ4 በመቶ ወደ 1 በመቶ እንደሚወርድ አሳይቷል። የዘገየ ሕክምናም ሕክምና ነው። ቀድሞ ማወቅ ግን የሚጀመርበትን ቦታ ይለውጣል።

ወደ በርሊኗ ሴት እንመለስ። አምስት ጊዜ አርግዛ በ22 ዓመቷ ሆስፒታል የገባችው ያቺ ወጣት ጥሟ ከጠፋ በኋላ ወደ ቤቷ ሄደች። ሐኪሙ ጽሑፉን ጽፎ ተመረቀ። ከወሊዷ በኋላ ማንም የደም ስኳሯን አልለካላትም፤ የሚለካበት መሣሪያ አልነበረም። ዛሬ መሣሪያው ከእጅ መዳፍ ያንሳል፣ ውጤቱ በሰከንዶች ይታያል። ከ200 ዓመት በኋላ አንዲት ሴት ጤና ጣቢያ ገብታ "ልጅ ለመውለድ አስባለሁ" ስትል "ሲይዝሽ ነይ" ተብላ የምትመለስ ከሆነ፣ ምክንያቱ የመሣሪያ እጦት ብቻ አይደለም። ጥያቄውን የሚጠይቅ ሰው እጦት ነው።